ጥርሱ ዝም ሲል አትዘናጉ

ሜሪላንድ ለምትኖሩ ወላጆች፦

ፌብሩዋሪ 2007 ላይ፣ ብዙዎቻችን በምንኖርበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በጥርስ ምክንያት ሞተ። ሆስፒታል የተወሰደው ራሴን አመመኝ ብሎ ነበር። መግል ከቋጠረ ጥርሱ የተነሣው ባክቴሪያ አንጎሉ ገብቶ ተገኘ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ከስድስት ሳምንት በላይ ታከመ፣ አልተረፈም። ጥርሱን ማስነቀል የሚፈጀው 80 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለሕክምናው የወጣው 250,000 ገደማ። እናቱ ያን ሰሞን የጥርስ ሐኪም ፍለጋ የሚንከራተቱት ለታናሽ ወንድሙ ነበር። የሞተው ልጅ ግን ጥርሴን ብሎ አያውቅም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን መንገዱ የታወቀ ነው። ባክቴሪያው በተቦረቦረው ጥርስ ገብቶ ነርቩን ይገድላል፣ ሥሩ ላይ መግል ይቋጥራል፣ ከዚያ በደም ሥር ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል። የሚያዘናጋን ነርቩ ሲሞት ሕመሙም መጥፋቱ ነው። ቅርንፉዱ ሠራ፣ አሞክሳሲሊኑ አዳነው እንላለን። መድኃኒቱ እብጠቱን ቢያስታግስም ጥርሱ ካልታከመ ወይም ካልተነቀለ መግሉ ይመለሳል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ራሱ ይወልቃል» ማለትም አያዋጣም፤ የወተት ጥርስም መግል ይቋጥራል።

ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን አፍ በስልክ መብራት እዩ። የጠቆረ ቀዳዳ ወይም ድድ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ካያችሁ፣ ልጁ በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ከሆነም፣ ነገ ጠዋት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሜዲኬይድ ያለው ልጅ ጥርሱም ይሸፈንለታል፤ ፕሮግራሙ ሜሪላንድ ሄልዚ ስማይልስ ይባላል። ከ2023 ወዲህ አዋቂዎችንም ይጨምራል። የሜዲኬይድ የእድሳት ደብዳቤ ሳይከፈት አይክረም፤ የዚያ ልጅ ቤተሰብ ሜዲኬይድም ተቋርጦ ነበር። ኢንሹራንስ የሌላችሁ፣ ባልቲሞር ያለውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ወይም ዋሽንግተን ያለውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ጠይቁ፤ ተማሪዎች በመምህራን ክትትል በቅናሽ ያክማሉ። እንግሊዝኛ የምትችሉ ወጣቶችም ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ከእናቶች አጠገብ ቁጭ በሉ፤ ደብዳቤውን አንብቡላቸው፣ ስልኩንም እዚያው ደውሉላቸው።

ፊት ካበጠ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከመጣ፣ ልጁ ከተደናገረ ወይም ካንቀጠቀጠው ቀጠሮ አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ። ሆስፒታል ስትደርሱ ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳ ጥርሱን አሞት እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ።