አያት የሚቆጥር ሕግ፣ ወረቀት የሚቆጥር መስኮት

«ላገሩ ባዳ፣ ለሰው እንግዳ» ይላሉ አበው። ብሂሉ የሚነገረው አገሩንም ሰዉንም ለማያውቅ እንግዳ ነው። ዛሬ ግን ተገልብጦ የሚሠራበት ስፍራ አለ። አገሩን የሚያውቅ፣ አገሩም የሚያውቀው፣ ባዳነቱ ግን በማኅተም የተረጋገጠበት ሰው አለ። እርሱም ደብረ ማርቆስ ተወልዶ፣ የባዕድ ፓስፖርት ይዞ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሊሠራ በቢዝነስ ቪዛ የገባ የጎጃም ልጅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። በደርግ ዘመን በመተማ በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን ተሻገረ። በዚያ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ ነፍሱን ሊያድን የሚሸሽ ሰው ግን ይህን ፈቃድ ከማን ይጠይቃል? ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በእጁ ገብቶ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ያስጠጋችውን አገር ዜግነት ወሰደ። ጸጉሩ ሲሸብት ተመልሶ በከተማችን ዳር አነስተኛ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ተከለ፤ የሰፈራችንን ልጆችም ቀጠረ።

ቪዛው ባለቀ ቁጥር ሥራውን ትቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከአዲስ አበባ በርሮ፣ ባሕር ማዶ ካለ አንድ ቆንስላ መስኮት ፊት ይቆማል። የንግድ ፈቃዱን ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ክፍያና የድርጅቱን የግብዣ ደብዳቤ ያቀርባል። ደብዳቤውን የሚፈርመው ራሱ ነው፤ ጋባዡም ተጋባዡም እርሱ። ቅጹ የሚሄድበትን ምክንያት ሲጠይቀው «ንግድ» ብሎ ይሞላል። እናቱ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን መቀበሯን የሚጽፍበት መስመር የለም።

ባለፈው ጊዜ ሰባት ሳምንት ጠበቀ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ኑግ የሚወቃበት፣ ገበሬው ምርቱን ጭኖ የሚመጣበት። የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በእርሱ ፊርማ ስለነበር መግዛት አልተቻለም። ገበሬው ጭነቱን ይዞ አይመለስምና ደላላ በቆረጠለት ዋጋ ሸጠ። ከሠራተኞቹ ሁለቱ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዱ። የቪዛ ነገር የባለ ፓስፖርቱ ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ካለ፣ የዚያን ታኅሣሥ ኪሳራ የከፈለው ማን እንደሆነ ያስብ።

አንባቢ ሆይ፣ «ታዲያ ለምን ቢጫውን ካርድ አያወጣም?» ትለኝ ይሆናል። ጥያቄህ ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ይህ በ1922ቱ የዜግነት ሕግም፣ እርሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996ም የጸና ነው። በመካከል ግን አዋጅ ቁጥር 270/1994 ወጣ። ይህ አዋጅ የውጭ ዜጋ የሆነውን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ፣ ቢሻ እንደ አገር ውስጥ ባለ ሀብት እንዲቆጠር ይፈቅዳል። የከለከለው መምረጥና መመረጥን፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠርን ነው። እኔ ይህን አዋጅ አከብረዋለሁ። ራሱ ሰውዬው ብቻ ሳይሆን፣ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሁሉ ይገባዋል ይላልና። አያት የሚቆጥር ሕግ ነው።

ችግሩ ያለው ከማስረጃው ላይ ነው። የአክስቴን ልጅ የጠየቁት የቀድሞ ፓስፖርት ወይም የልደት የምስክር ወረቀት ነው። ፓስፖርት ለምን እንደሌለው ተናግሬአለሁ። የልደት ምዝገባም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በጎጃም ደጋ የተወለደው አብዛኛው ሰው ልደቱ የሚታወቀው በእናቱ አፍ፣ በክርስትና አባቱና በጎረቤቱ ነው።

ይህ ማስረጃ ንቀት አይገባውም። ጎጃም ርስትን ያህል ነገር ለዘመናት የዳኘችው በትውልድ ቆጠራ ነበር። ባለ ጉዳዩ ከራሱ ተነሥቶ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል እየቆጠረ፣ ምድሩን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት ይደርስ ነበር። ሽማግሌ ያደምጣል፤ የሳተውን ያርማል፤ የዋሸውን ያጋልጣል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ኖሮ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመው ይህንኑ ሥርዓት ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ የመቁጠር ችሎታው ግን አብሮ አልተሻረም። ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አዛውንት በየቀበሌው አሉ።

ባዕድ እንኳ ወደዚህ ምድር ሲመጣ የሚናገርለት ባልደራባ ይሰጠው ነበር። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው በንጉሡ ፈቃድ ነው፤ እንዲያውም ንጉሡ ግሽን እንደ ሰጠው በመጽሐፉ ይነግረናል። ጣሊያናዊው ሳሊምቤኒም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም.፣ ተቀምጦ በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቷል። ለእንግዳ ቃል ይበቃ ከነበረ፣ ለተወላጁ የአገሩ ሽማግሌ ቃል እንዴት አይበቃም?

መንግሥት ማን እንደሚገባ ማወቅ አለበት፤ ይህን አልክድም። በሐሰት የሚመሰክርም አይጠፋም። ነገር ግን ወረቀትም በሐሰት ይሠራል፤ ለሐሰተኛ ምስክርም ሕጉ ቅጣት አለው። ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ እንኳ ሰነድ የሌለውን ሰው በምስክር ይመዘግባል። እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ሰነድ ያጣ ተወላጅ በተወለደበት ወረዳ፣ ቃለ መሐላ በፈጸሙ ሽማግሌዎችና በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ምስክርነት፣ በፍርድ ቤት ተመርምሮ ትውልዱ ይጽናለት። ጉዳዩ እስኪያልቅ ደግሞ በሥራ ላይ ያለው ሰው ቪዛው እዚሁ ይታደስለት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ እናውቃለን። መንገዱ ሲዘጋ ግን የቪዛው ቀን መቆጠሩን አያቆምም።

በባሕር ማዶ ላሉ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ካርዱን ማውጣት የምትችሉ ዛሬ አውጡት፤ ነገ ልሠራ ስመጣ ይደርሳል አትበሉ። ልደታችሁን የሚያውቁት አርጅተዋል። የአክስቴን ልጅ ያጠመቁት ቄስ አርፈዋል፤ የክርስትና አባቱ በሕይወት አሉ፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ቪዛ ቢያልፍበት ይታደሳል። የሞተ ምስክር ግን በየትኛውም ቆንስላ አይታደስም።

ቸር ወሬ ያሰማን።