ዳሱ የማን ነው?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዘንድሮስ ቀንደ መለከት ገዛችሁ? ካልገዛችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ይህችን ጽሑፍ አንብቡልኝ። ከገዛችሁም አትጣሉት፤ ለምን እንደሚነፋ ግን አብረን እንጠይቅ።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስከረም ሲጠባ ስልካችን በአይሁድ በዓላት ይሞላል። አንድ ረቢ ስለ በዓሉ ካስተማረው የአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ደቂቃ ተቆርጦ ይመጣል። ከሥሩ «ይህ ዓመት በሮችህ የሚከፈቱበት ነው፤ አሜን በል» የሚል ይጻፍበታል። ረቢው እንዲህ አላለም። ቀጥሎ ታሊት ትከሻ ላይ ይደረባል፣ ሾፋር ይነፋል፣ ከኦሪት ዘዳግም 16 ቁጥር 16 ላይ በእግዚአብሔር ፊት ባዶ እጅን ስላለመቅረብ የሚናገረው ተነቅሎ የበዓል መባ ይሰበሰባል። ሁለት ቁጥር ከፍ ብለን ብናነብ ምን አለበት? ቁጥር 14 በዳስ በዓል አብረውን ደስ ሊላቸው የሚገባቸውን በዝርዝር ይቆጥራል፤ መጻተኛው፣ አባት የሌለውና መበለቲቱ እዚያ ውስጥ አሉ። መባውን አስታወስን፤ እነርሱን ረሳን።

እንግዲህ ጠቤ ከረቢው ጋር አይደለም። ጠቤ ከእኛ ጋር ነው። የአይሁድ መምህራን ስለ በዓላቸው ከሚያስተምሩት ጌጡን ወስደን ዕዳውን ትተናል።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሰው ሆኜ አይደለም። እኔ የዝቋላ ልጅ ነኝ፤ የማስተምረው ግን ሰቆጣ ነው። ጦርነቱ ከዝቋላ፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ያፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠልሎ በነበረበት ጊዜ፣ «የዳስን በዓል በተግባር እናስተምር» ብዬ ወጣቶቻችንን አስተባበርኩ። ገንዘብ አዋጣን፣ እንጨት አቆምን፣ አዲስ ሸራ ገዝተን ወጠርን፣ ቅጠል ጎዘጎዝን። የጥቅምት ብርድ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ በአጥሩ በኩል ቆመች። በኻምጣንጋ ሰላም አለችኝ፤ ከአነጋገሯ የአገሬ ሰው መሆኗን አወቅሁ። ዳሱን አየት አደረገችና፣ «ልጄ፣ በዓላችሁ ሲያልቅ ይህን ሸራ ለሌሊቱ ብታውሱን?» አለችኝ።

ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? «እናቴ፣ የኅብረቱ ንብረት ነው። ኮሚቴውን ልጠይቅ።»

ኮሚቴው እኔ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ነበርን። ሦስታችንም እዚያው ቆመን ነበር። እርሷ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ምንም ሳልሰጣት አመሰገነችኝ። ማታ እኔ ዳሱ ውስጥ ቆሜ እግዚአብሔር መጠለያ የሌለውን ሕዝብ በምድረ በዳ እንዴት በዳስ እንዳኖረ አስተማርኩ። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ብዙዎች አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ነው ረቢዎቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ አጥብቄ ማንበብ የጀመርኩት። ያነበብኩትም አሳፈረኝ።

እ.ኤ.አ. በ1204 በግብፅ የሞተው ሙሴ ቤን ማይሞን በአይሁድ ዘንድ ከታላላቅ የሕግ መምህራን አንዱ ነው። ስለ በዓል ደስታ ሲጽፍ፣ ሰው በበዓሉ ሲበላና ሲጠጣ መጻተኛውን፣ አባት የሌለውንና መበለቲቱን ማብላት ግዴታው ነው ይላል። በሩን ዘግቶ ከልጆቹና ከሚስቱ ጋር ብቻ የሚበላ ሰው ደስታው የትእዛዙ ደስታ ሳይሆን የሆዱ ደስታ ነው ብሎ ይፈርዳል። ስለ ቀንደ መለከቱም ይኸው መምህር ሲያብራራ፣ ድምፁ የተኛውን ቀስቅሶ ሥራውን እንዲመረምርና ንስሐ እንዲገባ የሚጠራ ነው ይላል። እኛ ግን በር እንዲከፈትልን እንነፋዋለን። እርሱ በር ዘግተን መብላታችንን ይጠይቀናል።

ሌላም አለ። ዘሌዋውያን 23ን ክፈቱ፤ የበዓላት ሁሉ ዝርዝር ነው። ከበዓለ ኀምሳና ከመለከት በዓል መካከል ግን ቁጥር 22 ላይ ድንገት ስለ አዝመራ ይናገራል፤ የእርሻህን ዳር አትጨርስ፣ ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ ተው የሚል ትእዛዝ ነው። በበዓል ዝርዝር መካከል ቃርሚያ ምን ይሠራል? ራሺ የተባለው የ11ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ረቢ ከቀደሙት መምህራን የተቀበለውን መልስ ጽፎልናል፤ ቃርሚያን ለድሃ የሚተው ሰው ቤተ መቅደስ ሠርቶ በውስጡ መሥዋዕት እንዳቀረበ ይቆጠርለታል። የዋግ ልጆች ሆይ፣ ማሽላ በሚታጨድበት አገር አድገን ቃርሚያ ምን እንደሆነ መምህር አያስፈልገንም። ከአጫጆቹ ኋላ ጎንበስ ብላ የምትለቅም ሴት አይተናል። ቤተ መቅደሱ እዚያ ማሳ ዳር እንደሆነ ግን አልተነገረንም።

በሥርየት ቀን ደግሞ ጠዋት በምኵራብ የሚነበበው የነቢያት ክፍል ኢሳይያስ 58 ነው። ሕዝቡ ጾሞ ቆሞ ሳለ፣ እውነተኛው ጾም እንጀራን ለራብተኛ መቁረስና ቤት የሌለውን ወደ ቤት ማስገባት መሆኑ ይነበብበታል። የዚያ ቀን ትምህርትም ጠንካራ ነው። በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን ኃጢአት የሥርየት ቀን ያስተሰርያል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን የበደለው የበደለውን ሰው እስካላስታረቀ ድረስ ቀኑ አያስተሰርይም። ይህ በሚሽና የተጻፈ የቆየ ሕግ ነው። ሙሴ ቤን ማይሞንም አካሄዱን ይዘረዝራል፤ የወሰድከውን መልስ፣ ይቅርታ ጠይቅ፤ እምቢ ካለህ ሦስት ወዳጆችህን ይዘህ ሂድ፤ አሁንም እምቢ ካለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛም ተመለስ። እኛ አገር ይህ ሽማግሌ መላክ ይባላል። አባቶቻችን የሚያውቁትን ነገር እኛ በታሊት ሸፍነን አልፈነዋል። በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ሆነው ዓመት ሙሉ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሾፋር ሥር ቆመው «አሜን» ሲሉ አይቻለሁ። እናንተም አይታችኋል።

ደግሞስ ኦሪትን ለመስማት የግድ ስልክ መክፈት ነበረብን? ኦሪት እኮ ጎረቤታችን ነበረች። በጎንደር፣ በሰሜንና በትግራይ ተራሮች ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ቄሶቻቸው ኦሪትን በግዕዝ ያነብቡ ነበር፤ ከጸሎቶቻቸው መካከልም የአገው ቃል ያለባቸው አሉ፤ የእኛ የኻምጣንጋ እህት ቋንቋ ማለት ነው። በፋሲካ አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው በአዲስ ይተኩ ነበር። ከሥርየት ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድን ያከብራሉ። ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው፣ አንዳንዱም ስለ ትሕትና ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ በአምቦበር የነበረው ስግድ ስሙ የታወቀ ነው። እዚያም ሕዝቡ ተሰብስቦ ሕጉ የተነበበበትን የነህምያ መጽሐፍ ታሪክ ያነብባሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ይለምናሉ። ከዚያ ወርደው ጾሙን አብረው ይፈታሉ። ማንም ለብቻው ወጥቶ ለብቻው በረከት ይዞ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገው።

ከእነርሱ መካከል የወጣ ረቢም አለ፤ ሻሮን ሻሎም ይባላል። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በሱዳን በኩል እስራኤል ገብቶ፣ ዛሬ በቂርያት ጋት ምኵራብ የሚያገለግልና በከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚያስተምር ሰው ነው። «ከሲና እስከ ኢትዮጵያ» በተሰኘው መጽሐፉ የቤተ እስራኤልን ሥርዓት በየርዕሱ ከረቢዎች ሥርዓት ጎን ያስቀምጣል። ምክንያቱም ቄሶቹ ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ እስራኤል ሲገቡ «የእናንተስ ሥርዓት አይሁዳዊ ነውን?» ተባሉ። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ወገን መሆናቸውን ቢመሰክሩም ጥርጣሬው ወዲያው አልጠፋም። ሻሮን ሻሎም አባቶቹን ሳያፍርባቸው፣ ረቢዎቹንም ሳይንቅ መካከል ላይ ቆሞ ያስተምራል። ስለ ኦሪት ከልብ መማር የሚፈልግ ወጣት ከእንዲህ ያለው ሰው ይጀምር።

እኛስ እነዚህን ጎረቤቶቻችንን ምን አደረግናቸው? ርስት ከለከልናቸው። ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ሠሩልን፣ ሸክላ ሠርተው ድስት ሰጡን፤ እኛ «ቡዳ» አልናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ሔንሪ ስተርንን የመሳሰሉ ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ሊሰብኩላቸው መጡ፤ ብዙ ነገርናቸው፣ ጥቂት ሰማናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ሲበሩ፣ ከጎረቤቶቻቸው ስንቱ ይቅርታ ጠይቋቸው ነበር?

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ዛሬ በአማኝ ቤት ግድግዳ ላይ የእስራኤል ባንዲራ ተሰቅሎ እናያለን፤ የቤቱ ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ ላግባ ሲል ግን «አጥንቷ ይጣራ» ይባላል። ሩቅ ያለውን እስራኤል እንወዳለን፤ ቅርብ ያለውን ቀጥቃጭ እንፈራለን። እንዲህ ያለ ፍቅር ለባንዲራ እንጂ ለሰው አይደለም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው፣ «መምህር፣ ኦሪት ጥላ ነው፤ አካሉ ክርስቶስ ነው፤ በዓላቱን ጭራሽ ለምን ታነሣለህ?» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ቆላስይስ 2 በበዓል ማንም እንዳይፈርድብን ያስተምረናል፤ ገላትያ 4ም ቀን ቆጠራን ያስጠነቅቃል። ማንም በዓል ባለማክበሩ የሚጎድለው መዳን የለም። ነገር ግን ጌታችን በዮሐንስ 7 በዳስ በዓል ወጥቶ ያስተማረው በዓሉን ማንም ሳያውቅ እንዲያልፈው አይደለም። ኦሪትን የማያነብ ወጣት የጌታን ቃል ግማሹን ብቻ ይሰማል። የምቃወመው ኦሪትን ማንበብን አይደለም፤ ሳያነብቡ መልበስን ነው።

ሁለተኛው፣ «ረቢው ኢየሱስን አይቀበል፤ ምን ሊያስተምረን?» የሚል ነው። ልዩነቱን አልሸፍንም፤ ትንሽም አልለውም። እኛ ሥርየታችንን በክርስቶስ ደም አግኝተናል ብለን እናምናለን፤ ረቢው ይህን አይልም። ግን አስቡት። ሥርየቱን የሚጠብቅ ሰው የበደለውን ወንድሙን ለማስታረቅ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ ሥርየት አግኝቻለሁ የምል እኔ አንድ ጊዜ እንኳ መሄድ ያቅተኝ? ጌታ ራሱ በማቴዎስ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትተን መጀመሪያ ከወንድማችን እንድንታረቅ አዟል። በዚህ ነጥብ ረቢው አይቃረነንም፤ ይከስሰናል። ደግሞም የማናምንበትን ሰው ቃል ቆርጠን የራሳችንን ትንቢት በአፉ ማኖር በሐሰት መመስከር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የረቢን ትምህርት የምታካፍሉ ከሆነ ሙሉውን ስሙ፣ ያለውን ብቻ አካፍሉ። ቀንደ መለከት ከመንፋታችሁ በፊት በኅብረታችሁ የተኳረፉትን አስታርቁ፤ እምቢ ካሉ ሦስት ሆናችሁ ተመለሱ። «ቡዳ» የሚለው ቃል ከአፋችሁም ከቤታችሁም ይውጣ። ዳስ ልትሠሩ ካሰባችሁ በመጀመሪያ በአካባቢያችሁ ዳስ ያጣው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ሸራውንም ስትገዙ ለማን እንደሚሰጥ ቀድማችሁ ወስኑ።

እኔ ዘግይቼ ወሰንኩ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ይዤ፣ ሸራውን አጥፈን ተሸክመን ያችን እናት ፍለጋ ወጣን። ተጠልላበት የነበረው ቦታ ስንደርስ የለችም፤ ዘመድ ጋ ሄዳለች አሉን፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሸራውን ለሌላ እናት ሰጠን። እርሷም መረቀችን። ዕዳዬ ግን ለሌላዋ አልነበረም።

ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር። ከጽጽቃ ወይም ከተከዜ ዳር የምታነቡ ካላችሁ፣ በጥቅምት ብርድ ሕፃን አዝላ ሰቆጣ ሸራ ለምና የተከለከለች እናት ብታውቁ፣ አንድ መምህር ሽማግሌ ይዞ ሊመጣ እንደሚፈልግ ንገሩልኝ። እናንተ ግን እስከ ሦስተኛው ቀን አትቆዩ፤ ኮሚቴውንም አትጠብቁ።