ምጣዱ አልግል ሲል ጥፋቱን ከምጣዱ ብቻ አንፈልግ



ለማኅበራችን ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነገር ነው። «ምጣዴ አልግል አለኝ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣም፣ ሊጤ ተበላሸ» የማይባልበት ግቢ የለም። ከዚህም የተነሣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲቀያየም ስላየሁ የሚሰማኝን ለመጻፍ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ስለ ምጣዱ እንነጋገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሥሩ ቦይ የወጣለት ሸክላ ነው። የሚግለው ሽቦ በቦዩ ውስጥ ይዘረጋና በጀሶ ይደፈናል። እንጀራው በአንድ ጎን ብቻ ሳይበስል ከቀረ፣ ሽቦው ከቦዩ ወጥቷል ወይም ጀሶው ረግፏል ማለት ነው። ጨርሶ ካልጋለ ደግሞ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ስፒናው ተቃጥሏል። ይህን ባለሙያ ይሠራዋል። የተበጠሰውን ቆርጦ ማሳጠርና መጠምዘዝ ግን ጥገና አይደለም። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ዛሬ «ጋለልኝ» ያልነው ነገ ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

ይሁን እንጂ ምጣዱ ዙሪያውን ለብ ብሎ ከቀረ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የምጣዱ አይደለም፤ የኃይል ማነስ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አምፖሉን ማየት ነው። አምፖሉ ከደበዘዘ ማዶ ያለውን ጎረቤት እንጠይቅ። የእሱም ከደበዘዘ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ የእኛ ብቻ ከሆነ ግን የግቢያችን ገመድ ነው።

ታዲያ በአንድ ቆጣሪ አምስትና ስድስት ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ ማታ ሁለት ምጣድ ባንዴ ሲጣድ ምን ይሆናል? የሁለቱም እንጀራ ይበላሻል፣ ቫልቮላውም ይበጠሳል። ያኔ ነው ትልቁ ስሕተት የሚመጣው።

ይህን የምጽፈው ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ አጥፊው እኔው ራሴ ነኝ። አምና ለፋሲካ ዋዜማ ቫልቮላው ቢያስቸግረኝ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሰርሁበት። ምጣዱ ጋለ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ሌማቱ ሳይሞላ ግን የላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ገመድ ቀልጦ አቡጀዲውን ማጥቆር ጀምሮ ነበር። ጎረቤቴ ሮጣ ዋናውን ማጥፊያ ባታጠፋው ኖሮ ልጆቼን ይዤ የት እገባ ነበር? ቫልቮላ የሚበጠሰው ቤት እንዳይቃጠል ነው። ብሬከሩንም በትልቅ መቀየር ያው ነው፤ ገመዱ አልወፈረምና።

አንዳንዱ «ሒሳቤን እከፍላለሁ፣ በፈለግሁት ሰዓት እጋግራለሁ» ይላል። እውነት ነው፣ ይከፍላል። ነገር ግን ገመዱ የጋራ ነው፤ ጣራውም ተያይዟል። የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ተበትነዋል። በአሮጌው የጭቃ ቤት የቀረነው ሰዎች ያለንን በገዛ እጃችን በእሳት ብናጣ ምትኩን ማን ይሰጠናል?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦

1ኛ. በየግቢው የመጋገሪያ ተራ ይውጣ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ኃይል ስለሚያንስ በተቻለ መጠን አይጋገር። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ እንጀራቸው ነውና።

2ኛ. በቫልቮላ ፋንታ ሽቦ ያሰረ ሁሉ ዛሬውኑ ይፍታ።

3ኛ. በየግቢው ገንዘብ አዋጥተን ባለሙያ እናምጣ፤ ለምጣድ የሚችል ወፍራም ገመድና የመሬት ሽቦ ይዘርጋልን። የምጣዱ ላሜራ የሚነዝር ከሆነ ሳይታይ አይጣድ።

4ኛ. መስመሩ ራሱ ደካማ በሆነበት መንደር አቤቱታው በአንድ ወረቀት፣ በሁላችንም ፊርማ ይቅረብ።

በመጪው ስብሰባ መጥታችሁ ሐሳቤን ንቀፉ፣ አሻሽሉ። ዝም ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና!

የማኅበሩ ጸሐፊ