ባለ 50 ሜጋፒክስሉ ስልክ ለእኛ ምን ይሠራል?

ዕቁብ የደረሰው አንድ ወጣት አንባቢያችን «ቴክኖ ካሞን 30ን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። እዚህ ማሕሙድ ሃይቤ ሻይ ለመጠጣት በተቀመጥን ቁጥር የሚነሳ ነው። ስለዚህ ስልኩን ከአንድ ጎረቤት ተውሰን ሦስት ቀን ይዘነው ዋልን፤ ክፍል ውስጥም ቤትም ሞከርነው።

ስልኩ የወጣው በ2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስክሪኑ 6.78 ኢንች፣ ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ዋናው ካሜራ 50 ሜጋፒክስል፣ የፊቱም እንዲሁ 50 ነው። ሁለት ሲም ይይዛል። የቴሌሶምንና የሶምቴልን መስመር ጎን ለጎን ለሚጠቀም የሐርጌሳ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። አማርኛም ይጻፍበታል።

ወደ ካሜራው እንምጣ። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆነን ሰሌዳውን አነሳነው። በጠመኔ የተጻፈው ክፍልፋይ ላዕሉም ታህቱም ጥርት ብሎ ይነበባል። ማታ ደግሞ በአንዲት አምፖል ብርሃን የልጆቹን ፊት አነሳን፤ የራሳቸው መልክ ሆኖ ወጣ። ይኼን እንደ ዋዛ አትዩት። በፊልም ዘመን ኮዳክ የቀለም ማስተካከያ አድርጎ ለፎቶ ቤቶች የሚያድለው የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። በድሮ የሠርግ ፎቶ ላይ ቬሎው ደምቆ ሙሽራዋ የምትጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቴክኖን የሚያመርተው የቻይናው ትራንሽን ገበያውን አፍሪካ ላይ የተከለ ስለሆነ (ኢትዮጵያ ውስጥም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገጣጥማል) ስለ ጥቁር ቆዳ መልክ ቀደም ብሎ አስቦበታል።

«50» የሚለው ቁጥር ግን አያሳውራችሁ። ካሜራው በተለመደው አሠራሩ አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ 12.5 ሜጋፒክስል ገደማ ነው የሚያወጣው። ማታ ደህና አድርጎ የሚያነሳውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉውን 50 ከፈለጋችሁ ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ፤ ፋይሉም ይከብዳል። በዋትሳፕ ስትልኩት ደግሞ ተጨምቆ ስለሚሄድ አገር ቤት ያለች እናት ልዩነቱን ላታየው ትችላለች። ከኋላ ያለው ሁለተኛ ካሜራ 2 ሜጋፒክስል ነው፤ ለቁጥር ማሟያ ነው ብንል አልበደልነውም። ሻጩ «16 ጊጋ ራም» ካላችሁ 8ቱ ከማከማቻው የተበደረ ነው፤ እንደ እውነተኛው ራም አይፈጥንም። «ውሃ አይነካውም» ካላችሁም አትስሙት። አይፒ53 ማለት አቧራን በመጠኑ፣ ፍንጣቂን በመጠኑ ይከላከላል ማለት ነው እንጂ ባልዲ ውስጥ ይወድቃል ማለት አይደለም።

ታዲያ ይገዛ? ጠያቂያችን ሠርግና ልደት እያነሳ ሊሠራበት ከሆነ ይግዛው፤ ካሜራው ገንዘቡን ይመልስለታል። ለፌስቡክና ለጨዋታ ከሆነ ግን በግማሽ ዋጋ የሚገኝ ስልክ ይበቃዋል፤ የቀረው የዕቁቡ ብር የቤት ኪራይ ይክፈልበት። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህታችን «ለዛድ ያስፈልገኛል» ብላ ብትነሳ ደግሞ ከወዲሁ እንቃወማለን። ቴሌሶም ዛድን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምር በኮከብና በመሰላል፣ በተራ የቁልፍ ስልክ የሚሠራ አድርጎ ነው።

አሁን ሻጭ የማይነግራችሁን እንንገራችሁ። የዛሬ ስልኮች ካሜራ የቦታ ምልክቱ ከተከፈተ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ከፎቶው ጋር አብሮ ይጽፋል፤ በየትኛው መንደር፣ እስከ ቤቱ ድረስ። ከመካከላችን አድራሻው እንዲታወቅበት የማይፈልግ ስንት ሰው አለ! በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ያ መረጃ ይቀራል፤ እንደ ሰነድ (ፋይል) ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስልኩን እንደገዛችሁ ካሜራውን ክፈቱና ማስተካከያው ውስጥ ቦታ የሚለውን አጥፉት። የሌላ ሰው ልጅ ስታነሱም ወላጁን ጠይቁ፤ ካሜራው ጥሩ በሆነ ቁጥር ፊቱም ጎልቶ ነው የሚታየው።

የስደተኛ ወረቀታችሁን፣ የትምህርት ማስረጃችሁን አንስታችሁ ማስቀመጡ ግን ጥሩ ነው። ዋናው ቢጠፋ ቁጥሩ ይተርፋችኋል። ቀን ከመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አንሱት፤ ፍላሽ ፕላስቲኩ ላይ እየነጣ ጽሑፉን ይሸፍነዋል። ስልኩንም በቁጥር ቆልፉት።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሻጩ የራሱን የጉግል አካውንት አውጥቶ ስልኩን እንደ አዲስ ያስጀምርላችሁ። አካውንቱ ሳይወጣ ቢጠፋና ቢጀመር የድሮውን ሰው የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ያን ጊዜ ሻጩን ከየት ታገኙታላችሁ? ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብላችሁ የሚወጣውን 15 አሃዝ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።