ማዕዱን የሚያካፍለው ማን ነው?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች ከዕለቱ እርዳታ ተዘለሉ። ሐዋርያት እንጀራ በመጨመር ብቻ አላለፉትም፤ ጉባኤው ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ማዕዱ የተዘነጉትን ለሚያውቁ ሰዎች በአደራ ተሰጠ።

ይህ ጥያቄ ዛሬ በማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ፊት አለ። የመጀመሪያውን በ1914 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የመሠረተው ፍሬድሪክ ጎፍ የተባለ የባንክ ሰው ነው። የአካባቢው ሰዎች የሰጡት ገንዘብ በአንድነት ይያዝና ለአካባቢው በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይከፋፈላል። ነገር ግን ረጅም ፕሮፖዛል ሲጠየቅ፣ ጸሐፊ መቅጠር የሚችለው ያገኛል፤ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስደተኞችን የሚያበላው አነስተኛ አገልግሎት ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ አንዳንድ ፋውንዴሽኖች ቅጹን አሳጥረዋል፤ የሰፈሩ ነዋሪዎችም ከወሳኞቹ ጋር እንዲቀመጡ አድርገዋል።

“ይህ ማዳላት ነው” የሚሉ አሉ። እኛ ግን ማዳላት ያለው የቀደመው አሠራር ውስጥ ነው እንላለን። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወቀሰው ጥሩ ለለበሰው የክብር ወንበር መስጠትን ነው፤ ያማረ ፕሮፖዛልም ጥሩ ልብስ ሊሆን ይችላል። ሒሳብ ግን ይጠየቅ! ጳውሎስም የቅዱሳንን ስጦታ ነቀፋ እንዳያገኘው ከታመኑ ወንድሞች ጋር ልኮታል።

የቤተ ክርስቲያናችን የእርዳታ ክፍልስ? በኮሚቴው ውስጥ የሚያውቀው ሰው የሌለው ወገን ይደርሰዋልን? ጌታ የተዘለሉትን እንድናይ ዓይናችንን ያብራልን።