ሲሙን ተዉት፣ ማጥፊያው ማን እጅ ነው?

ውጭ አገር ወዳጅ ያላችሁ ጥያቄውን ታውቁታላችሁ፤ «ለጥምቀት ጎንደር ልመጣ ነው፤ ኢንተርኔት እንዳይቋረጥብኝ የትኛውን ሲም ልግዛ?» እኛም እንመክራለን፦ ፓስፖርትህን ይዘህ ሲም አውጣ፣ ካርታውን ቀድመህ ስልክህ ላይ ጫን፣ ከደባርቅ አልፈህ ሰሜን ተራሮች ከመግባትህ በፊት ለቤተሰብ ደውል።

ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘላል። ተራራ የሚጋርደው ኔትወርክ ሌላ፣ ሰው የሚያጠፋው ሌላ! በ2008 ክረምት ጎንደር ተቃውሞ ሲነሳ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 2011 ከባሕር ዳሩ ግድያ በኋላ፣ ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገሩ በሙሉ ተዘጋ። ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ከዚያም የባሰ አየች።

«ለጸጥታ ነው» ይሉናል። ኢንተርኔቱ ጠፍቶም ግን ተኩሱ አልቆመም። የቆመው የደባርቁ አስጎብኚ እንጀራ ነው፤ በዋትሳፕ «አለህ?» ያለው ቱሪስት መልስ ሲያጣ ኬንያ ይሄዳል። የቆመው የተማሪው የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ነው፤ የማብቂያ ቀን ማንንም አይጠብቅም።

እንግዳው ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። እኛ ግን እዚሁ ነን።

ስለዚህ መልሳችንን ቀይረናል። ወዳጃችን ሆይ፣ ሲሙን የፈለግኸውን ግዛ፤ ከእኛ ጋር ግን ይህን ጠይቅ፦ መዝጋት የግድ ከሆነ ፍርድ ቤት ይዘዝ፤ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን በይፋ ይነገር። መብራት ሲጠፋ ሻማ እንገዛለን። የኢንተርኔት ሻማ ግን የትኛውም ሱቅ አይሸጥም!