ግንደ ቆርቁርና ባለ ርስቱ

የዱር ፍጥረትን በሕግ መጠበቅ ተገቢ መሆኑን የሚክድ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ፍጥረቱ የሚኖረው በግለሰብ ርስት ላይ በሆነ ጊዜ ሕግ ብቻውን ምን ያህል እንደሚደክም፣ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከሚገኝ የአንድ ወፍ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ወፉ የግንደ ቆርቁር ወገን ነው። ሌሎቹ በደረቀ ግንድ ሲፈለፍሉ፣ እርሱ በሕይወት ያለውን፣ ያውም ያረጀውን የፓይን ዛፍ ይመርጣል። አንዱን ጉድጓድ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በዙሪያውም ቅርፊቱን እየወጋ ሙጫውን ያፈስሳል፤ በዚህም ሙጫ ምክንያት እባብ ወደ ጫጩቶቹ መውጣት ይሳነዋል። ጥንት 90 ሚሊዮን ኤከር ያህል የነበረው የረጅም ቅጠሉ ፓይን ደን ከመቶ 5 እጅ እንኳ ሳይቀር በተመነጠረ ጊዜ፣ ወፉ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገበ። የ1973ቱም ሕግ መኖሪያውን የሚያጠፋውን ሰው የሚያስቀጣ ሆነ።

የሕጉ ዓላማ መልካም ነበር፤ የተከተለው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዛፉ እስኪያረጅ የታገሠው ባለ ርስት ወፉ በመጣበት ቀን እንጨቱን ከመቍረጥ ይታገዳል፤ ቀድሞ የቈረጠው ጎረቤቱ ዋጋውን ተቀብሎ በሰላም ይኖራል። ስለዚህ በኖርዝ ካሮላይና አንዳንዶች ወፉ ሳይደርስባቸው ዛፋቸውን በለጋነቱ ቈረጡ፤ ይህንም ሊቃውንቱ ሉክና ማይክል በ2003 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ለልጆቹ መተዳደሪያ ዛፍ ያሳደገውን ሰው ስግብግብ ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ትዕግሥቱን ቅጣት ያደረገበትን ሥርዓት መመርመር ግን ይበልጥ ይጠቅማል።

ከዚህም በላይ ለወፉ ክልከላ ብቻ አይበቃውም። ከሥር ያለው ቍጥቋጦ በየጊዜው በልክ ካልተቃጠለ ጉድጓዱን ትቶ ይሄዳል። ሕግ «አትቍረጥ» ይላል፤ ያልወደደን ሰው ግን ዓመት ከዓመት ደኑን እንዲንከባከብ ማስገደድ አይሆንለትም።

በ1995 በኖርዝ ካሮላይና ሳንድሂልስ የተጀመረው ውል ይህን ያስተዋለ ነው። ባለ ርስቱ በፈቃዱ ይገባል፤ በመሬቱ ያሉት ወፎች አስቀድመው ይቈጠራሉ፤ እነርሱን ሊጠብቅ፣ ደኑንም ሊያጠራ ቃል ይሰጣል። መንግሥትም በድካሙ ስለሚጨመሩት ወፎች አዲስ ክልከላ እንዳይጥልበት ይፈርማል። እንጨት መሸጡም አይቀርበትም። (ፊተኛው ፈራሚ ፓይንኸርስት የተባለው የጎልፍ መጫወቻ ስፍራ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።)

ውሉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ባለ ርስቱ ወደ መጀመሪያው ቍጥር እንዲመለስ፣ የተጨመሩትንም ወፎች ዛፍ እንዲቈርጥ ተፈቅዶለታል፤ ይህን የውሰት ጥበቃ ቢሉት ሐሰት አይሆንም። ሆኖም እነዚያ ወፎች ያለ ውሉ ከቶ ባልመጡ ነበር። በ2024 ወፉ ከመጥፋት አፋፍ ወደ ቀለለው የሥጋት ደረጃ ተሸጋግሯል፤ በዚህም የመንግሥት ደኖችና የጦር ሠፈሮች ድርሻ ታላቅ ቢሆንም፣ የባለ ርስቶቹ ድካም አይናቅም።

የሚያሠጋው ሌላ ነው። ርስቱ ለሌላ ባተላለፈ ጊዜ አዲሱ ባለቤት ውሉን መቀበልም መተውም ይችላል። ውል አዋዋዮቹም ከአባትየው ፊርማ ጋር ከወራሾቹም ጋር ገና ሳለ ቢነጋገሩ፣ እሳቱን የሚያነድ እጅ አይታጣም ነበር።